«ከተክል ስለሆነ አይጎዳም» ማለት ስህተት ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የተክል ንጥረ ነገሮች የሳንባ ካንሰር እንዳይዛመት ያደርጋሉ ያላችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ዘመዶቼም ሁሉ አንብበውታል። ከወጣ ጀምሮ በስልኬ ያላከልኝ ሰው የለም። ምክንያቱም እህቴ የሳንባ ካንሰር ታማሚ ናት፤ በሽታው ወደ አጥንቷ ተዛምቷል።

ያንገበገበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ከተክል የሚገኙ በመሆናቸው እንደ ኬሞ ሰውነትን አይጎዱም» ብላችኋል። ለመሆኑ ጸሐፊው ኬሞ ከምን እንደተገኘ ጠይቋል? እህቴ የወሰደችው ፓክሊታክሰል መጀመሪያ የተገኘው ፓስፊክ ዩው ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው። ለዚሁ በሽታ የሚሰጠው ቪኖሬልቢን መነሻው የማዳጋስካር አበባ ነው። እህቴ በዚያ «የተክል» መድኃኒት ጣቶቿ ደንዝዘዋል። የሸሚዟን ቁልፍ ትይዛለች፣ መያዟን ግን ጣቷ አይነግራትም፤ ጎንበስ ብላ በዓይኗ ታረጋግጣለች። በመጨረሻ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን አልጠላውም፤ ዕጢውን አሳንሶላታል። ተክል አይጎዳም የሚለኝን ግን አልሰማም።

ቤታ ካሮቲንንስ ምን ልትሉት ነው? እሱም ከአትክልት የሚገኝ ነው፤ እሱም ከሳንባ ካንሰር ይከላከላል ተብሎ ነበር። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ አጫሾች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ እንክብሉን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ተመሳሳይ ጥናትም በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ እዚያም ካንሰሩ ጨምሮ ነበር። የጤና ዘጋቢ ይህን ሳያውቅ «አይጎዳም» ብሎ ሊጽፍ አይገባም።

ምርምሩን እየናቅሁ አይደለም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የካንሰር ሴሎች ካሉበት ተላቀው እንዳይጓዙ ሲያዳክም በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ አይጦች ላይም እንዲሁ። ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴሉ ንጥረ ነገሩ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚውለው። ሰው ሲውጠው አንጀትና ጉበት ቶሎ ስለሚሰባብሩት ደም ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው። ትልቁ ጥያቄ እዚህ ጋ ነበር፤ እናንተ ዘለላችሁት።

የዘለላችሁት እኛንም ነው። በዚያ ሁሉ ሐተታ ውስጥ አንድ ታማሚ የለም። አንድ አስታማሚ የለም። ካንሰር የሚያክም አንድ ሐኪም እንኳ አልተጠየቀም። ዘገባችሁን ያነበበ ዘመዳችን ዱቄት በፌስታል ይዞ መጣና፣ እህቴ እየሰማች «ለምን በኬሞ ታሰቃያታለህ?» አለኝ። የዚያን ቀን ማታ እህቴ ሕክምናውን ላቁም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ተክል ከመድኃኒት ጋር ሊጋጭ እንደሚችል እንኳ አልጻፋችሁም። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ተክል ለሳንባ ካንሰር የሚዋጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጡ አድርጎ ያዳክማቸዋል። ታማሚው መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው ብሎ ይተማመናል፤ ካንሰሩ ደግሞ በጎን ይገፋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር አርሙ። ሙከራው በሰው ላይ እንዳልሆነ ጻፉ። ታማሚዎች ማንኛውንም ዱቄትም ሆነ እንክብል ከመውሰዳቸው በፊት ለሐኪማቸው እንዲናገሩ ንገሯቸው። እርማቱንም ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት፤ ዘመዶቼ ጥግ ላይ የተጻፈ ነገር አያነቡም።

አንድ አስታማሚ