የአይሪሽ ቋንቋ ማስጠናት፦ ደብሊን ላላችሁ ወላጆች

ጤና ይስጥልኝ፤ ልጆቻችሁን የአይሪሽ ቋንቋ ለማስጠናት ዝግጁ ነኝ። እዚሁ ደብሊን የዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን የምማረውም ይህንኑ ቋንቋ ነው። በ9 ዓመቴ ስመጣ እናቴ በሒሳቡ ታግዘኝ ነበር፤ በአይሪሹ የቤት ሥራ ግን አብራኝ ከማምሸት ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

ለሊቪንግ ሰርት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ለሚፈተኑ ልጆች የቃል ፈተናው ብቻ ከአይሪሽ ውጤታቸው 40 በመቶ ይይዛል። ስለዚህ ግማሹን ሰዓት በአይሪሽ እናወራለን።

ከእኛ ልጆች ለአንዳንዶቹ ደግሞ የሚቀላቸው ነገር አለ። ድመት በአይሪሽ «ካት» ነው፤ «ድመቴ» ለማለት ግን የመጀመሪያው ድምፅ ተለውጦ «ሞ ኻት» ይሆናል። ይህቺ ከጉሮሮ የምትወጣ «ኸ» እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀውን ልጅ ታስቸግራለች፤ በአማርኛ ብዙዎቻችን እንደ «ሀ» ብናነባትም፣ ትግርኛ እየሰማ ያደገ ከቤቱ ይዟት ይመጣል።

የማስጠናው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 እስከ 9 ሰዓት ነው (በዚህ አገር አቆጣጠር ከ10 እስከ 3)። ቤታችሁ እመጣለሁ፣ ወይም ሰፈራችሁ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንገናኛለን፤ ወላጅ አጠገባችን ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። ክፍያው በሰዓት 20 ዩሮ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ነጻ። ክፍያው የከበደው ቤተሰብ ለብቻዬ ይጻፍልኝ፣ እንነጋገራለን።

ልጁ የትምህርት ቤት መጽሐፉንና በቅርብ የተፈተነበትን ወረቀት ይያዝ፤ የት ላይ እንደተቸገረ የማየው ከዚያ ነው።

የልጁን ክፍልና የሚመቻችሁን ሰዓት እስከ ሐሙስ ማታ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የምችለው 5 ልጆች ስለሆነ ዘንድሮ ለሚፈተኑት ቅድሚያ እሰጣለሁ።