አምስቱን ቀን በቋንቋችን ንገሩን

ለኔቫዳ ግዛት የሪል ስቴት ዲቪዥን
ላስ ቬጋስ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ከሲያትል ልትጠይቀኝ መጣች። አርብ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ካሲኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፑ ላይ ስትዘዋወር አንድ ወጣት አስቆማት። ቁርስ በነጻ፣ የትርኢት ቲኬት በነጻ። ከእሷ የሚጠበቀው የአንድ ሰዓት ተኩል ገለጻ መስማት ብቻ ነው ተባለች። ገለጻው አራት ሰዓት ፈጀ። ማታ ቤት ስትገባ ወፍራም ፎልደር ታቅፋለች። የታይምሼር ውል ፈርማ መጥታለች፤ ከሌሎች ገዢዎች ጋር በየተራ የሚጠቀሙበት የእረፍት ማረፊያ ማለት ነው። ለእሷ በዓመት አንድ ሳምንት ይደርሳታል፣ ዋጋው 18,000 ዶላር። የየዓመቱ የጥገና ክፍያ ለብቻው ነው።

"ምነው ፈረምሽ?" አልኳት።

"ቁርሳቸውን በልቼ፣ ያን ሁሉ ሰዓት አድክሜያቸው፣ በምን አፌ እምቢ ልበል?"

ይሉኝታ የምንለው ይህንን ነው። ሻጮቹ ስሙን ባያውቁትም አሠራሩን አሳምረው ያውቁታል።

የግዛታችሁ ሕግ፣ ምዕራፍ 119ኤ፣ ለእንደ እሷ ዓይነቱ ሰው መላ አበጅቷል። ታይምሼር የገዛ ሰው ከፈረመበት ቀን ቀጥሎ እስከ አምስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ በጽሑፍ አስታውቆ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ሻጩም ማስታወቂያው በደረሰው በ20 ቀን ውስጥ የተቀበለውን ገንዘብ ይመልሳል። ገዢው ይህን መብቱን እንዲተው ማድረግም አይቻልም። ጥሩ ሕግ ነው፤ ከልቤ ነው የምለው።

ግን ቀኖቹን አብረን እንቁጠራቸው። አርብ ፈረመች። ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራሉ። እሁድ ማታ ወደ ሲያትል በረረች፣ ሰኞ ሥራ ገባች። ማክሰኞ ሻጩ ጋ ደውላ "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" አለች። "መልሰን እንደውላለን" አሏት። ረቡዕ እኩለ ሌሊት ላይ ጊዜው አለቀ። በስልክ መናገር እንደማይበቃ፣ ደብዳቤው በእጅ መድረስ ወይም አገር ቤት እንደምንለው ሪኮማንዴ፣ መድረሱ በሚረጋገጥበት መንገድ መላክ እንዳለበት ያወቅነው በስምንተኛው ቀን ነው። እርግጥ ውሉ ላይ ተጽፏል። እህቴ ግን ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ እንጂ የውል እንግሊዝኛ የላትም። እኔም ፎልደሩን ያን ማታ ባለመግለጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፍሎሪዳ ለገዢ 10 ቀን ትሰጣለች። የአውሮፓ ኅብረት 14 ቀን ይሰጣል፤ በእነዚያ ቀናት ሻጭ ቀብድ እንኳ መቀበል አይፈቀድለትም። የመሰረዣውን ቅጽ ሳይሰጥ ከቀረም ጊዜው በአንድ ዓመት ይራዘማል። አምስቱን ቀን ማስረዘም የሕግ አውጪዎች ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። እናንተን የምለምነው በእጃችሁ ያለውን ነው።

አንድ ገጽ በአማርኛ አውጡልን። ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ ደብዳቤው እንዴት እንደሚላክ ይንገረን፤ የደብዳቤ ናሙናም ይኑረው። በዚህ ከተማ ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴልና ካሲኖ ውስጥ የሚሠራው ወገናችን ብዙ ነው። በየበዓሉ ከሌላ ግዛት የሚመጣው ዘመዱም እንደዚያው።

አንድ ነገር ደግሞ በጉልህ ይጻፍበት፦ ውል መሰረዝ ቃል ማጠፍ አይደለም። እህቴ በኋላ ምን አለችኝ መሰላችሁ፤ "ባውቅም ኖሮ አፍር ነበር። ፈርሜ እንዴት እመለሳለሁ?" እኛ ያደግነው ፊርማ ቃል ነው እየተባልን ነው። ይህ መብት በሕግ የተሰጠ መሆኑን ከመንግሥት አፍ ስንሰማው ነው የሚቀለን።

እሷ አሁንም እየከፈለች ነው። ባለፈው ወር ደግሞ "ከውሉ እናስወጣሻለን፣ ቅድሚያ ክፈይ" የሚል ሰው ደውሎላት ልትልክለት ስትል ደረስኩ። እባካችሁ፣ ስለ እነዚህም አስጠንቅቁን።

ተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ገጹ የወጣ ዕለት አትሜ በየምግብ ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ የምለጥፈው እኔው ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የላስ ቬጋስ ነዋሪ