ፋየርዎሉን ከማዛወርህ በፊት

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ አንተም ስለጠፋህ ተቻችለናል። እኔ እዚሁ ደሴ ነኝ። ጦሳ ማለዳ ማለዳ ጉሙን እየለበሰ ያንቀጠቅጠናል። ሥራ ሲኖር ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ላይ እሞቃለሁ።

የመሥሪያ ቤትህን ፋየርዎል፣ ያን በኔትወርኩ የሚገባ የሚወጣውን የሚፈትሸውን ዘበኛ፣ ከሊኑክሱ አይፒቴብልስ (iptables) ወደ ኦፕን ቢኤስዲው ፒኤፍ (pf) ልታዛውር ነው አሉ። ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው። ኮምቦልቻ ላለው ቅርንጫፋችን ይህንኑ ሥራ ሠርተናል። አደራህን፣ መስመር በመስመር እንዳትገለብጠው።

አይፒቴብልስ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ አክሴፕት (አሳልፍ) ወይም ድሮፕ (ጣል) የሚል ሩል፣ ማለትም ደንብ፣ ሲገጥመው እዚያው ይወስናል። ፒኤፍ ግን እስከ ታች አንብቦ፣ ከገጠሙት ሩሎች የመጨረሻውን ይይዛል። ቶሎ የሚቆመው ሩሉ ላይ ኩዊክ (quick) የሚል ቃል ካለ ብቻ ነው።

አስበው እስኪ፤ መጀመሪያ ከአድራሻ 203.0.113.7 የሚመጣን ሰው ዘግተሃል፤ ቀጥሎ ፖርት 443ን፣ የድረ ገጹን በር፣ ለሁሉም ከፍተሃል። አይፒቴብልስ ላይ ያ ሰው አይገባም። በዚያው ቅደም ተከተል ፒኤፍ ላይ ጻፈው፤ ሰውየው ዘና ብሎ ይገባል። ክፋቱ ደግሞ ማንም አይደውልልህም። ተዘጋብኝ ብሎ የሚጮህ ሞልቷል፤ ተከፈተልኝ ብሎ አቤት የሚል ግን ወላሂ አይቼ አላውቅም።

ፖሊሲውንም፣ ማለትም ምንም ሩል ላልገጠመው የሚሰጠውን ውሳኔ፣ እንዳትረሳ። አይፒቴብልስ ሴቭ የሚባለው ትእዛዝ በሚያወጣው ፋይል ውስጥ ኢንፑት ድሮፕ (የሚገባውን ጣል) የምትለው ከሩሎቹ በላይ ያለች ትንሽ መስመር ናት፤ ሩል ሩሉን ብቻ የሚቀዳ ሰው ያልፋታል። ፒኤፍ ደግሞ ምንም ሩል ያልነካውን ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ዝም ብሎ ያሳልፋል። ስለዚህ ብሎክ ኦልን (ሁሉን ዝጋ) አናት ላይ አስቀምጣት፤ ኩዊክ ግን እንዳትጨምርባት፣ ሁሉንም ትዘጋብሃለች።

አይፒቴብልስ ላይ ያለችውን ኢስታብሊሽድ ሪሌትድ የምትለዋን፣ የተጀመረ ግንኙነት ይቀጥል የምትለዋን መስመር ተዋት። ፒኤፍ ከኦፕን ቢኤስዲ 4.1 (እ.ኤ.አ. 2007) ወዲህ ስቴቱን፣ ማለትም የትኛው ግንኙነት እንደተጀመረ፣ ሳይነግሩት ይይዛል። እሷን ለመተርጎም ብሎ ፓስ ኦል (ሁሉን አሳልፍ) መጻፍ በሩን በርግዶ መተው ነው።

አይፒቴብልስ በመሃሉ ለሚያልፍ ፓኬት ያለው ፎርዋርድ የሚባል ቼይንም (የሩሎች ዝርዝር) ፒኤፍ ላይ የለም። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያልፍ ፓኬት ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፤ በውስጠኛው ኢንተርፌስ (የኔትወርክ መግናኛ) ሲገባ፣ በውጭኛው ሲወጣ። መግቢያውን ብቻ ከፈቀድክ መውጫው ላይ ይቀራል።

የፒኤፍ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ የሆነውን ፒኤፍሲቲኤልን (pfctl) በኤን (-n) አማራጭ ብታስኬደው ፋይሉን ሳይጭን ያነብልሃል፤ የሚያየው ግን አጻጻፉን ነው እንጂ ሐሳብህን አይደለም። እኛ ማን ወዴት እንደሚያልፍና እንደማያልፍ አስቀድመን በወረቀት ጻፍን። መጀመሪያ አሮጌውን በዚያ ፈተንን፣ ከዚያ አዲሱን። የሚዘጋውን አብዝተህ ሞክር።

አብሽር፣ ከባድ አይደለም። ስትጨርስ ትክክለኛ አድራሻዎቹን ቀይረህ ፋይሉን ላክልኝ፤ ከመጫንህ በፊት አየዋለሁ። ስልክህ ተቀይሮ ከሆነም አዲሱን ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣ ከደሴ