ለአራጣ ምክር አይበቃም፣ ሕግ ያስፈልጋል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፔይደይ ብድር (እስከ ደሞዝ ቀን የሚሰጥ፣ ወለዱ ከፍተኛ የሆነ አጭር ብድር) የወጣው ጽሑፍ «ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ» ይላል። ምክሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን ላስ ቬጋስ ውስጥ ለአበሻ ታክስ እሠራለሁ፤ የብዙ ሰው የባንክ ወረቀት በእጄ ያልፋል። የሚያጋጥሙኝ ተበዳሪዎች አብዛኞቹ ወለዱን አይተው ነው የፈረሙት። የቤት ኪራይ ቀን ደርሶባቸው፣ መኪና ቆሞባቸው።

አንድ ኡበር የሚነዳ ደንበኛ አለኝ። ትራንስሚሽኑ ተበላሸበትና 400 ዶላር ተበደረ። የሁለት ሳምንት ወለዱ 80 ዶላር ነው። ቀኑ ሲደርስ 480 ከየት ይምጣ? 80ውን ከፍሎ አራዘመ። የኔቫዳ ሕግ ማራዘሚያውን በቀን ይገድባል። ቀኑ ሲሞላ ከሌላ የብድር ሱቅ ተበድሮ የመጀመሪያውን ዘጋ። የባንክ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተን በእስክሪብቶ ስናሰምር 80፣ 80፣ 80 እያለ ይወርዳል። አምስቱ ሲደመር የተበደረውን ያህል ከፍሏል። ዋናው ዕዳ ግን ንቅንቅ አላለም። በዓመት ሲሰላ ወደ 520 ፐርሰንት ነው። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ኤርፖርት ነው የሚያድረው።

አገር ቤት እንዲህ የሚያበድር ሰው በአራጣ ወንጀል ይከሰሳል። እዚህ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይሠራል፤ ምክንያቱም ኔቫዳ በወለዱ ላይ ጣሪያ አላስቀመጠችም።

ሌሎች ግዛቶች አስቀምጠዋል። ኮሎራዶ በ2018 ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ በዓመት 36 ፐርሰንት ላይ ገደበችው፤ ከመራጩ 77 ፐርሰንቱ ደገፈ። ነብራስካ በ2020 ያንኑ ስታደርግ ድጋፉ ከ80 ፐርሰንት በላይ ነበር። ነብራስካ የሪፐብሊካኖች አገር ናት፤ ስለዚህ ጉዳዩ የፓርቲ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ በ2006 ባወጣው ሕግ ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ከ36 ፐርሰንት በላይ ማበደርን ከልክሏል። ለወታደር የማይገባ ወለድ ለሆቴል ጽዳት ሠራተኛ እንዴት ይገባል?

«ሱቆቹ ከተዘጉ የቸገረው ከየት ይበደራል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፔይደይን የሚተካ አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበራት) አሉ፤ የዚህ ብድር ወለድ ከ28 ፐርሰንት አያልፍም። አባል መሆን ይጠይቃል፣ ስለዚህ ሳይቸግር መመዝገብ ነው። ዕቁባችንም አለ። ለተቸገረ ዕጣ ማስቀደምን እናውቅበታለን፤ እዚህ ግን ብዙ ሰው አፍሮ ችግሩን አይናገርም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ዕዳ ውስጥ ላላችሁ፣ ያለው ሕግ የሚሰጣችሁን መብት እወቁ። በኔቫዳ የወሰዳችሁትን ብድር እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን መዝጊያ ብትመልሱ ከዋናው ገንዘብ በላይ ምንም አትከፍሉም። መክፈል ካቃታችሁ አበዳሪው ከመክሰሱ በፊት ቢያንስ 90 ቀን የሚሰጥ የክፍያ ፕላን ሊያቀርብላችሁ ይገባል። ወረቀት ላይ ጠይቁት። ይህን ብድር ባለመክፈል ብቻ ማንም አይታሰርም። «ፖሊስ እልክብሃለሁ» ብሎ የሚደውል ካለ ቀኑንና ስልክ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለግዛቱ የፋይናንስ ተቋማት ዲቪዥን አቤት በሉ።

የኔቫዳ ምክር ቤት በካርሰን ሲቲ የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት፣ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ለ120 ቀን። ዜግነት ወስዳችሁ ድምፅ የምትሰጡ ሁሉ ከዚያ በፊት ለሴናተራችሁና ለአሴምብሊ ተወካያችሁ ስልክ ደውሉ፦ «የ36 ፐርሰንት ጣሪያ ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራችሁ አጭር ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ፤ አዘጋጁ ከፈቀዱ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ እልካለሁ። ስማችሁን ጨምራችሁ መላክ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የታክስ ሠራተኛዋ፣ ከላስ ቬጋስ