ሶፋው አጠገብ ያለው ምንጣፍ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ማለት ልማድ ነው። ዛሬ ግን የምጠይቅህ ከምሬ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ በርበሬ ልካልሃለች።

ከአፍጋኒስታን ጦርነት የተመለስክ ሰሞን ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝተህ ሌሊት የጮህከውን አልረሳሁም። እናትህ ጸበል ፍለጋ ስትሮጥ እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ልቀሰቅስህ ፈራሁ። ጠዋት ይቅርታ ስትለኝ ከአፌ የወጣው "ምንም አይደል" ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ "አባዬ፣ ሰርቪስ ዶግ ለማግኘት ወረፋ ይዣለሁ" ስትለኝ፣ ሕመምተኛ እንዲረዳ የሠለጠነ ውሻ ማለትህ ነው፣ ሳቅኩ። ይቅር በለኝ። እኔ ባደግኩበት አገር ውሻ ጊቢ ይጠብቃል፣ ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ ቤት ከገባ ይባረራል።

አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ። ታክሲ በምነዳበት ዘመን፣ ዝናባማ ማታ ላይ፣ አንድ ሰው ትልቅ ጥቁር ላብራዶር ውሻ ይዞ እጁን አነሳልኝ። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩት። ሰውየው ዓይነ ስውር አይመስልም፤ ወንበሬ ጸጉር በጸጉር ሊሆን ነው ብዬ። ለካ በፈረንጆቹ 1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው ጥሎ መሄድ ይከለክላል። በዚያ ሕግ ደንብ መሠረት መጠየቅ የሚቻለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው ለጉዳትህ ያስፈልግሃል ወይ? ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል? ወረቀት አሳየኝ ማለት እንኳ አይቻልም።

ባለፈው ወር ፋርማሲ ሰልፍ ላይ ጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለገለች አንዲት ወጣት ቬተራን ከፊቴ ቆማለች። ውሻዋ ከኋላዋ ተገትሮ ሰው እንዳይጠጋት ቦታ ይዞላታል። አንድ ሰው ዕቃ ሲጥል ደነገጠችና እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውሻው ወዲያው ዞሮ አፍንጫውን መዳፏ ውስጥ ወሸቀ። እስክትረጋጋ ድረስ አልተነቃነቀም። ምን ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኳት። "ሌሊት ሲያቃዠኝ ብርድ ልብሴን ገፎ ይቀሰቅሰኛል" አለችኝ።

እኔ በር ላይ ቆሜ ያቃተኝን ሥራ ማለት ነው።

ያን ማታ ለኮንግረስ እንደራሴያችን ደብዳቤ ጻፍኩ። በአማርኛ አረቀቅኩት፣ እህትህ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። በ2021 የወጣው ሕግ ፒቲኤስዲ የሚሉት፣ እንደ ጦርነት ካለ አስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት፣ ያለባቸው ቬተራኖች ቡችሎችን እያሠለጠኑ እንዲታከሙ አምስት የቪኤ (የቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሆስፒታሎች ላይ የአምስት ዓመት ሙከራ አስጀምሯል። አንዱ እዚያው አንተ ያለህበት ሳን አንቶኒዮ ነው። ጥሩ ነው። ግን ውሻ ማሠልጠንና የራስ ውሻ ማግኘት ለየቅል ነው። ቪኤ ውሻ ገዝቶ አይሰጥም። አንዱን ለማብቃት ከ20,000 ዶላር በላይ ይፈጃል፤ የሚያድሉትም በልመና ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶች ናቸው። ወረፋህ ለዚህ ነው የረዘመው። በ2025 ለኮንግረስ የቀረበው ሴቭስ የተባለ ረቂቅ ሕግ ለእነዚህ ድርጅቶች የመንግሥት ድጎማ እንዲሰጥ ይጠይቃል። እንደራሴያችን ይህን እንዲደግፍ ነው የጻፍኩት።

"ማስረጃ የለም" እንዳይሉኝ የ2024ቱንም ጥናት ጨመርኩበት። 156 ቬተራኖች ተጠንተው፣ ከሦስት ወር በኋላ ውሻ ያገኙት ገና ከሚጠብቁት ይልቅ ፒቲኤስዲ አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ66 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለኪኒን ሲሆን የሚዘረጋ እጅ ለውሻ ሲሆን የሚያጥረው ለምንድነው? ይህን ዓረፍተ ነገር እህትህ ልታወጣው ነበር፤ እንቢ አልኩ።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ ደብዳቤዬ የሚቆጠረው እዚህ ብቻ ነው። እንደራሴዎቹ ቢሮ ስትደውል መጀመሪያ ዚፕ ኮድህን፣ የሰፈርህን የፖስታ ቁጥር፣ ነው የሚጠይቁህ። ስለዚህ ለቴክሳሱ እንደራሴ አንተ ደውልለት። ስለ ቅዠቱ መናገር ካልፈለግክ አትናገር። ወረፋ ላይ ስንት ወር እንደቆየህ ብቻ ንገራቸው።

ውሻው ሲመጣ ይዘኸው ና። እናትህ ኩሽና እንዳይገባ ብላለች። ሳሎን ግን ተፈቅዷል። ሶፋው አጠገብ ምንጣፍ አንጥፋለታለች።

አባትህ