«ጨጓራዬ ነው» ስለሚሉት ሕመም ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እኅቴ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ መልስ ፒያሳ ከወዳጆችዎ ጋር ማኪያቶ መጠጣቱን ትተዋል፤ ምሳ ሲቀርብም ሦስት ጉርሻ እንደወሰዱ «ጠገብኩ» ብለው እጅዎን ይታጠባሉ። ምን ሆኑ ሲባሉ መልስዎ «ጨጓራዬ ነው» የሚል ብቻ ነው አሉ።

ይህች ቃል እኔንም አሳስታኛለች። እንደሚያውቁት ስኳሩን ከእርስዎ ወርሻለሁ፤ አምና እዚህ አንድ ክሊኒክ ሄጄ በአስተርጓሚ በኩል «ጨጓራዬን ያመኛል» ብል፣ የአሲድ መድኃኒት ታዘዘልኝና ያለ ለውጥ ለወራት ስውጥ ከረምኩ። በኋላ ያየችኝ ሐኪም ግን ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች የተጻፉበት ወረቀት ሰጠችኝ። ማቅለሽለሹ፣ ምንም ሳይወጣ ወደ ላይ ማለቱ፣ ማስመለሱ፣ ቶሎ መጥገቡ፣ ከምግብ በኋላ ሆድ አልቀል ማለቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ መነፋቱ፣ ሁሉም ለየብቻው ጨርሶ ከሌለ 0፣ እጅግ ከከፋ 5 ይሰጠዋል። «ማቅለሽለሽ» የሚለው ላይ ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ለካ አቅለሽልሾኝ አያውቅም፣ የእኔ ችግር ቶሎ መጥገብና መነፋት ኖሯል።

ቁጥሩ ብቻውን ምርመራ አይደለም። ብዙ ዘመን የቆየ ስኳር ጨጓራን የሚያዝዘውን ነርቭ ሲጎዳ ምግቡ ሳይወርድ ይዘገያል፤ በዕለቱ ስኳር ከፍ ማለቱም በራሱ ያዘገየዋል። ነገር ግን ጨጓራው እየዘገየ ብዙም የማይሰማው ሰው አለ፣ በጊዜው እየወረደለት የሚሠቃይም አለ። ስለዚህ ጥቂት ጨረር የተቀላቀለበት እንቁላልና ዳቦ አብልተው ለ4 ሰዓታት ያህል ጨረሩን በሚያይ ካሜራ አዩኝ፤ በ4ኛው ሰዓት ከምግቡ ከ10 በመቶ በላይ ጨጓራ ውስጥ ከቀረ ዘገየ ይባላል። (ያ ዳቦ ያለ በርበሬ እንዴት እንደከበደኝ አይጠይቁኝ።)

ለእርስዎ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋኝ ኢንሱሊኑ ነው። ተወግተው ሲበሉ ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ከተኛ መድኃኒቱ ቀድሞ ይሠራና ስኳሩ ይወርዳል፤ ባለፈው ከምሳ በኋላ ላብ በላብ ሆነው የተንቀጠቀጡት በዚህ ይሁን አይሁን ሐኪሙ ሊያየው ይገባል። መጠኑን ግን በራስዎ እንዳይቀንሱ አደራ።

ስለዚህ ከጥቁር አንበሳው ቀጠሮ በፊት ላሉት ሁለት ሳምንታት እኅቴ በደብተር ትያዝልዎት፤ የተወጉበትን ሰዓት፣ የበሉትን፣ በስንተኛው ጉርሻ እንደጠገቡ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ የተለካውን ስኳር፣ የእያንዳንዱንም ስሜት ቁጥር። ተቅማጥና ድርቀት በዚያ ወረቀት ላይ የሉምና ለብቻ ይጻፉ፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን ሆድ ያላላል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ተቅማጥ ግን ከነርቭ ሊሆን ስለሚችል ሰዓቱ ይመዝገብ። እንደሚያፍሩ አውቃለሁ፤ ለእርሷ መንገር ከከበደዎት ይህችን ገጽ በራስዎ እጅ ይጻፉና አጥፈው ለሐኪሙ ይስጡ።

ሌላውን ገጽ በቴሌግራም ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ