ያቺን ምንጣፍ አንሺያት

ይድረስ ለእማዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ብዕር ያነሳሁት ስለ ወጥ ቤቱ ወለል ነው። በስልክ ካነሳሁት "ተዪው ልጄ፣ ስንት ዓመት የኖርኩበት ወለል ነው" ብለሽ ወሬውን ወደ ሌላ ትወስጅዋለሽ። ደብዳቤ ግን ማቋረጥ አትችይም።

ቅዳሜ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ በሩ ላይ ያነጠፍሻት ትንሽ ምንጣፍ ከእግሬ ሥር ተንሸራተተች። መቃኑን ባልይዝ ወድቄ ነበር። ገልጬ ሳይ አራት ሴራሚኮች ተሰንጥቀዋል፣ የአንዱም ጥግ ከወለሉ ብድግ ብሏል። ጠዋት ሳልነግርሽ አካሄድሽን ስከታተል ነበር፤ እዚያ ቦታ ስትደርሺ ሳታስቢው ቀኝ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ትሻገሪዋለሽ። እግርሽ ለምዶታል። ግን አንድ ቀን በሁለት እጅሽ የሞቀ ድስት ይዘሽ፣ ወይም በጨለማ፣ ይረሳዋል።

"ድስት ጥዬበት ነው፣ በእኔ ጥፋት አከራዩን ምን ብዬ አስቸግረዋለሁ?" ስትይኝ ዝም ያልኩት እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው። አሁን ግን እርግጠኛ ነኝ፦ ያንቺ ድስት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወደቀ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰብረው አንዱን ሴራሚክ ነው፤ ስንጥቁም ከተመታበት ነጥብ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል። ያንቺው ከበሩ ጀምሮ እስከ ምድጃው ድረስ አራቱንም በአንድ መስመር አቋርጦ ሄዷል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚመጣው፤ ሥሩ ያለው ኮንክሪት ሲሰነጠቅ የተጣበቀበትን ሴራሚክ ይዞት ይሰነጠቃል። አንቺ ስትተኚ ደግሞ በማንኪያ እጀታ አንኳኳኋቸው። ደህናዎቹ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ከተሰነጠቁት ሁለቱ ግን እንደ ባዶ ሣጥን "ኳ" አሉ፤ ከሥራቸው ማጣበቂያው ለቋል፣ ወይም መጀመሪያውኑ በደንብ አልተቀባም። ይሄ ሁሉ አንቺ ቤቱን ሳትከራዪው በፊት የተሠራ ሥራ ነው። ውሉንም አነበብኩት፦ የወለልና የግድግዳ ጥገና የአከራዩ ነው ይላል። ስለዚህ ልመና አይደለም፣ አስቸገርኩም አያሰኝም።

በስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስመር አስምሬ ቀኑን ጽፌበታለሁ፤ ስታጸጂ እንዳትፈትጊው። ስንጥቁ ያንን መስመር ካለፈ ከሥር ያለው ነገር ገና አልረጋም ማለት ነው፤ ያኔ ሴራሚክ መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም።

ባለሙያ ሲመጣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ "የኮንክሪቱን ስንጥቅ ምን ልታደርገው ነው?" አዲሱን ሴራሚክ በላዩ ለጥፌ ልሂድ ካለሽ ያው መስመር ተመልሶ ይወጣል። ስንጥቁ ተሞልቶ በላዩ ስስ መለያ ሽፋን መነጠፍ አለበት፤ ኮንክሪቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ሴራሚኩን ይዞት እንዳይሄድ። ማጣበቂያውም አምስት ቦታ ጠብ ጠብ ተደርጎ የሚተው አይደለም፤ የሴራሚኩን ጀርባ ቢያንስ 80 በመቶ፣ ውሃ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ 95 በመቶ መሸፈን አለበት። ከለጠፈ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት አትርገጪው። ሲሰብር አቧራው ለሳንባ ክፉ ነውና የዚያን ቀን ከቤት ውጪ። አትከራከሪኝ።

ቀለሙ አይገጥምም ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። የድሮ ሴራሚክ አምሳያ ማግኘት እውነትም ከባድ ነው። ግን ከቁም ሣጥኑ ሥር ማንም የማያያቸው ደህና ሴራሚኮች አሉ። ጠንቃቃ ሠራተኛ ካገኘሽ እነሱን አውጥቶ በሩ ላይ ያደርግልሻል፣ አዲሶቹን ደግሞ ሣጥኑ ሥር ይደብቃቸዋል። ሲነሱ ሊሰበሩ ስለሚችሉ ከሚፈለገው ሁለት አስበልጦ ይሞክር።

የጓዳው ወለል ግን ሌላ ነው፤ እሱን ማንም እንዳይነካው። እዚያ ያለው ሴራሚክ ሳይሆን የድሮ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፣ ጎኑን ስለካው ወደ 23 ሴንቲሜትር መጣ፣ ጥጉ ላይ የሚታየው ሙጫም ጥቁር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በፊት የተሠሩ እንዲህ ያሉ ንጣፎችና ሙጫዎች ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ የሚባል፣ በደቃቅ ክሮች የተሠራ ማዕድን አለባቸው። እንደተኛ ከተተወ ጉዳት የለውም፤ ከተሰበረ፣ ከተፋቀ ወይም በማሽን ከተሞረደ ግን ክሩ አየር ላይ ይበንና ወደ ሳንባ ይገባል። "አንድ መንገዴን እሱንም ልንቀለው" የሚል ሠራተኛ ካለ ሳይመረመር አይሆንም በይው።

እስከዚያው ብድግ ያለውን ጥግ በሰፊ ቢጫ ፕላስተር ለጥፌዋለሁ። አያምርም፤ እንዲታይሽ ብዬ ነው። ምንጣፏን ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅያት ነበር፤ እኔ ከበር ስወጣ መልሰሽ እንዳነጠፍሻት ግን አልጠራጠርም። እባክሽ አንሺያት። ጉዳቱን ሸፍና እሷ ራሷ የምትጥል ምንጣፍ ናት።

ለአከራዩ የምትሰጪውን ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፌ ከፎቶዎቹ ጋር ልኬልሻለሁ። ሁለቱም ላይ ፈርሚ፤ አንዱን ስጪው፣ አንዱን "ደርሶኛል" ብሎ ከነቀኑ ይፈርምልሽና አስቀሪው። "ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚል ቃል ጨምረሽ እንዳትጽፊበት።

እሁድ እደውላለሁ። ሰላምታ እንኳን ሳንለዋወጥ የምጠይቅሽ ስለ ምንጣፏ ነው።

ልጅሽ